አልጠፋ ያለችው የአየር መብራት

ሸምሱ ሰላሕ ቁጭ ማለት የማይሆንለት ሰው ነበር። እናቱ ሐቢባ፣ «ይኸ ልጅ ሆዴ ውስጥም አልተቀመጠልኝ፤ በሰባት ወሩ በሩን በርግዶ ወጣ» ትል ነበር፤ ውሸቷንም አልነበረም። አባቱ ሰላሕ ሰቆጣ ገበያ ዳር የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ልጁን ከባንኮኒው ኋላ አስቀምጦ ንግድ ሊያስተምረው ቢሞክር፣ ልጁ ደንበኛ አቁሞ መቀሱ ለምን ጨርቅ እንደሚያኝክ ሲፈታታ ይገኛል። ሚዛን ካየ ይፈታል፣ ሰዓት ካየ ይፈታል። የጎረቤት ፋኖስ ካጨሰ ሳይጠሩት ይሄዳል። አንድ ጊዜማ ለቅሶ ቤት ገብቶ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲያነባ፣ እሱ ሲጢጥ የሚለውን የበር ማጠፊያ በጫማው ተረከዝ ሲቀጠቅጥ ተገኘ። ሰቆጣ ይህን አልረሳችለትም። «ሸምሱ ሲመጣ በራችሁን ደብቁ» እያሉ እስኪያገባ ድረስ ቀለዱበት፤ ካገባም በኋላ ሚስቱን ሙሚናን ጨምረው ቀለዱ። አመል ያወጣል ከመሀል እንዲሉ፣ ሰላሕ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ልጁን ለአጎቱ ለዓሊዬ ሰጠው። ዓሊዬ የጭነት መኪና ነበረው።

መኪናዋ አፍንጫዋ የረዘመ፣ የኋላ መጫኛ ካሶኒዋ የእንጨት፣ ዕድሜዋ ከሸምሱ ዕድሜ የማይተናነስ አሮጊት ነበረች። እንደ እሷ ያለ የሚጨቀጭቅ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገሩ የሚታመም ፍጥረት ለሸምሱ ከሰማይ የወረደ ስጦታ ነበር። ከሰቆጣ ኮረም፣ ከኮረም ሰቆጣ፣ እህልና ጨው፣ ጨርቅና ሰው እየጫነ ዓመታት አለፉ። ደርግ መጣ፣ ቀበሌ መጣ፣ ጓድ መባባል መጣ። ሸምሱ ግን መሪውን እንደ ጨበጠ፣ እግሩም ከሥራ ውጭ ሲሆን እንደ ተንቀጠቀጠ ኖረ።

ረዳቱ ብዙነህ የፃግብጂ ሰው ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠው ሸምሱ «አያ ብዙነህ» ይለዋል፤ ሾፌርነት ሌላ፣ ታላቅነት ሌላ። ብዙነህ ቃል ቆጣቢ ነው። ሲናደድ በአገሩ ቋንቋ በኽምጥኛ ያጉረመርማል፣ ደስ ሲለውም በኽምጥኛ ያጉረመርማል፤ ሸምሱ ከስንት ዘመን በኋላ እንኳ ሁለቱን መለየት አልቻለም። ሥጋቸው አንድ ላይ ስለማይበላ መንገድ ላይ ሁልጊዜ ሽሮ ነው የሚያዙት። በረመዳን ብዙነህ ውሃ ሲጠማው ከመኪናዋ ኋላ ዞሮ ይጠጣል። በሑዳዴ ደግሞ ሸምሱ ወተት ያማረው እንደሆነ ሻይ ቤቱ ጓዳ ገብቶ ተደብቆ ይጨልጣል። እንዲህ አድርጉ ያላቸው ሰው የለም። በመካከላቸው ያለው ይሉኝታ ከፍቅር የመጣ ነበር፤ ይሉኝታ ግን ከፍቅርም ቢመጣ አንዳንድ ቀን ያስከፍላል።

ብዙነህ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዷል። ትልቁ ወልደ ገብርኤል በመጀመሪያው የሚሊሺያ ዘመቻ ወደ ሰሜን ሄዶ ድምፁ ጠፋ። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። ታናሹ ገበያው ከእናቱ ከጥሩሐረግ ጋር ፃግብጂ ላይ ያርሳል። ብዙነህ ስለ ትልቁ ልጁ አያወራም። ሸምሱም አይጠይቀውም፤ ኮረም በደረሱ ቁጥር ግን ወታደር የጫነ መኪና ሲያልፍ ብዙነህ የእያንዳንዱን ፊት እያየ እንደሚቆም ያውቃል።

ነገሩ የተጀመረው በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ ነው።

የዚያች መኪና ፍሬን የሚሠራው በአየር ነው። ሞተሩ አየር ይነፋል፣ አየሩ ታንክ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሾፌሩ ሲረግጥ ያ አየር ሄዶ ጎማውን ያንቃል። አየሩ ካነሰ ፍሬን የለም። ይህን ለሾፌሩ የምትነግር አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ከመሪው ፊት ለፊት አለች። ሞተር ሲነሣ ትበራለች፣ ታንኩ ሲሞላ ትጠፋለች። ሥራዋ ይኸው ነው። አንድ ቅዳሜ ከኮረም ሲመለሱ፣ ሰቆጣ መግቢያ ላይ መንገዱ ሲያንገጫግጫቸው መብራቷ ቦግ አለች። ከዚያም አልጠፋ አለች።

«አየር አነሰን እንዴ?» አለ ሸምሱ፤ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። የአየር መለኪያውን፣ ጌጁን፣ አየ፤ ሙሉ ነው። መብራቷ ግን እንደ በራች ናት። ሸምሱ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ሙሚና፣ «እግርህን አርፈህ አስቀምጥ፤ አልጋው ተነቃነቀ» ብላ ጎሸም አደረገችው።

በማግስቱ እሑድ የምልመላ ኮታ መጣ። ከየገበሬ ማኅበሩ ወጣት ወንዶች እየታፈሱ መጥተው ሰቆጣ የእህል መጋዘን ውስጥ ተዘጋባቸው። ከፃግብጂ ከመጡት አንዱ ገበያው ነበር። ጥሩሐረግ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላ ከኋላው በእግሯ መጣች። መጋዘኑ በር ላይ ከሌሎች እናቶች ጋር ተቀመጠች፤ ከዚያም አልተነሣችም።

የምልመላው ኃላፊ ጓድ ምንዋጋው የሚባል፣ ከሌላ አገር የመጣ ካድሬ ነው። ክፉ ሰው ነበር ለማለት ይከብዳል፤ የደከመውና የፈራ ሰው ነበር፤ የፈራ ሰው ደግሞ ከክፉ ሰው የሚለይበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ልጆቹን የሚወስደው ጦር ዓርብ ጧት ከኮረም ይነሣል። በእግር እንዳይጓዙ መንገዱ ላይ ወንበዴ አለ፤ ወንበዴ የሚለው እሱ ነው። በከተማዋ የዓሊዬ መኪና ብቻ ናት ያለችው። ግን በየካቲት ሌላ መኪና ሚሊሺያ ጭና፣ ሾፌሮች «እናቴን አደራ» በሚሉት ቁልቁለት ላይ ፍሬኗ እምቢ ብሎ ገደል ገብታለች። ሚሊሺያዎቹን ያሳፈረው ኃላፊ እስከ ዛሬ እስር ቤት ነው። ስለዚህ ምንዋጋው ሰኞ ጧት መጥቶ ቀይዋን መብራት ሲያይ ፊቱ ዓመድ መሰለ።

«ጓድ ሾፌር፣ ይቺ ሳትጠፋ አንድ ሰው አልጭንም» አለ። «ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ካልተነሣን ደግሞ ጦሩ ጥሎን ይሄዳል። የማበላቸው እህል የለኝም፤ እስከሚቀጥለው ምልመላ ወደየቤታቸው መበተን ሊሆን ነው። እና ሥራት። ሆን ተብሎ የተደረገ ነገር ካለ ግን አሻጥር ነው። የአሻጥርን ቅጣት አንተም ታውቀዋለህ።»

ሸምሱ ያውቀዋል። ሰቆጣም ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ወሬው ከተማውን ሞላው፤ መብራቷ ከጠፋች ልጆቹ ይሄዳሉ፣ ካልጠፋች ይቀራሉ። መጋዘኑ በር ላይ የተቀመጡት እናቶች ለአንዲት የመኪና መብራት ስለት ተሳሉ። አንዷ ለማርያም፣ አንዷ ለሚካኤል፤ ሙሚናም ማንም ሳይሰማት ዱዓ አደረገች።

ሸምሱ ምን ያድርግ? ገበያው ትከሻው ላይ አስቀምጦ ያሳደገው ልጅ ነው። የመብራቷን ብልሽት እንዳያገኘው ብሎ መፈለግ ነበረበት። አጎቱን ዓሊዬን ሲያማክረው፣ ሽማግሌው መቁጠሪያውን እየገፋ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አንተም አትቸኩል» ብቻ አለው።

«አጎቴ፣ እርስዎ እኔን አያውቁኝም?» አለ ሸምሱ።

«አውቅሃለሁ፤ ፈርቼ የምነግርህም ስለማውቅህ ነው።»

አንድ ነገር ግን በእውነት ማወቅ ነበረበት፤ ፍሬኑ ደኅና ነው ወይስ አይደለም? ነገ ተገዶ ቢነዳ ያ ቁልቁለት ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ ሰኞ ዕለት እንዶድ አስወቀጠ። አረፋውን በየአየር ቧንቧው መጋጠሚያ ላይ ቀባ። አየር የሚያፈስ ቦታ ቢኖር አረፋው ፊኛ ይሠራል። ከሞተሩ እስከ ታንኩ፣ ከታንኩ እስከ ጎማዎቹ በሆዱ እየተሳበ ሁሉንም አየ። አንድ ፊኛ አልወጣም። ሞተሩን አጥፍቶ አሳደረው፤ ጧት የጌጁ ቀስት ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። አየሩ ሙሉ ነው፣ ፍሬኑ ይይዛል። እንግዲያው የምትዋሸው መብራቷ ናት።

እዚህ ላይ ሊያቆም ይገባው ነበር። «ፍሬኑን አላመንኩትም» ብሎ እጁን ታጥቦ ሙሚና ጎን ቁጭ ቢል ማን ምን ያውቃል? ነገር ግን አንድ ዕቃ የሚዋሽ ከሆነ የት ላይ ቆሞ እንደሚዋሽ ሳያገኝ ሸምሱ ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል። ማክሰኞ ከጧት ጀምሮ፣ «እስቲ ይቺን ብቻ ልይ» እያለ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ከመብራቷ የምትነሣ አንዲት ሽቦ በዳሽቦርዱ ኋላ አልፋ ወደ አየር ታንኩ ትወርዳለች። ታንኩ ሲሞላ የሽቦዋ ጫፍ ከብረቱ ይለያል፤ መብራቷም ትጠፋለች። ሸምሱ ጫፏን ከታንኩ ላይ ጨርሶ ነቀለው። መብራቷ እንደ በራች ናት። ይኸ ማለት ሽቦዋ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ከብረት ጋር ተነካክታለች። ጫፏን መልሶ ሰካው።

ብዙነህ አጠገቡ ቆሞ ፒንሳና ካቻቢቴ ያቀብለዋል። ሦስት ጊዜ ያህል፣ «ከታች በኩል ነው የሚመስለኝ። ድንጋይ መትቶት ይሆናል» አለ። ብዙነህ ስለ ሽቦ ሐሳብ ሰጥቶ አያውቅም ነበር፤ ሸምሱ ግን ልቡ ሽቦዋ ጋ ስለነበረ ይህን ልብ አላለም። ታችኛውን ክፍል በጣቱ እየዳበሰ ከዳር እስከ ዳር አየው፤ አንድም የተላጠ ቦታ የለውም። እንግዲህ የቀረው አንድ ቦታ ነው፤ ከዳሽቦርዱ ኋላ።

ያኔ ነው ያቆመው። ካቻቢቴውን ጥሎ ተነሣ። «አያ ብዙነህ፣ በቃኝ። ዛሬ አልከፍተውም። ነገም አልከፍተውም» አለ።

ብዙነህ በኽምጥኛ አንድ ነገር አጉረመረመ።

ያ ማክሰኞና ረቡዕ ጧት ለሸምሱ የገሃነም ደጅ ነበሩ። ቤት ይገባል፣ ይወጣል። ሱቅ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሙሚና ቁርስ ብታቀርብለት ሁለት ጎርሶ ይነሣል። ሲሰግድ ሽቦዋ ከመጋረጃ ኋላ እንደ ተደበቀ ልጅ ትታየዋለች፤ ስንት ረከዓ እንደ ሰገደ ይጠፋበትና እንደ ገና ይጀምራል። በመጋዘኑ በኩል ሲያልፍ ጥሩሐረግ እጅ ትነሣዋለች፤ እሱም እጅ ነሥቶ ይሮጣል። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ቀኑ እየሄደ ነው። ግን አንድ ክፉ ነገር በውስጡ፣ «የት ላይ ነው? በምንድን ነው የተነካካችው?» ይለዋል። በዚህ ራሱን ጠላው። የሰው ልጅ ሕይወት በሚዛን ላይ ተቀምጦ የሽቦ ነገር የሚያሳክከው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው እያለ ራሱን ረገመ። ቢረግምም ማሳከኩ አልቀረለትም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ምንዋጋው ወታደር አስከትሎ መጣ። «ዳሽቦርዱን አልከፈትከውም አሉኝ። እኔ ፊት ክፈተው» አለ። ሸምሱ ሞተሩን አስነሥቶ ከፈተ። ከፍቶም ማየት የማይፈልገውን ቦታ እየዘለለ፣ የግራውን ሽቦ ጎተት፣ የመካከሉን ነካ ነካ አደረገ፣ አቧራውን እፍ አለ። መብራቷ አልጠፋም አለች። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘለቀች። ምንዋጋው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። «በቃ ተወው» አለ። «ዝጋው። ልጆቹን እበትናለሁ። የመጣው ይምጣ።»

ብዙነህ ፊቱን አዞረ። ሸምሱ በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ ልቡ የቀለለው ጊዜ የለም። «እሺ ጓድ» አለና ክዳኑን አንሥቶ ሊገጥም ሞከረ። አልገጥም አለ፤ ከቀኝ በኩል የሽቦው ጥቅል ወጣ ብሎ ይዞታል። ገፋ ሊያደርገው እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። ጣቱ አንድ ነገር ነካ። ቀዝቃዛ፣ ትንሽ፣ የመኪና ዕቃ ያልሆነ ነገር። እጁ የእሱን ፈቃድ አልጠበቀም፤ በሽቦዎቹ መሀል የተሸጎጠውን ነገር ላጥ አድርጎ አወጣው።

መብራቷ ጠፋች።

«ይቺ ናት!» አለ ሸምሱ። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር፤ ሌላ ምንም ልንለው አንችልም። ሦስት ቀንና አራት ሌሊት ያሳከከው ቦታ ተገኘ። ፊቱ በራ። ወዲያው የብዙነህን ፊት አየ፤ ከዚያ በኋላ የራሱ ፊት ምን እንደ መሰለ አያውቅም።

በእጁ ያለው ትንሽ የብረት የአንገት መስቀል ነበር፤ ከነሐስ ሽቦ ተሠርቶ በጥቁር ሰማያዊ ክር የተጠቀለለ ማንጠልጠያ አለው። ሸምሱ ያውቀዋል። የጥሩሐረግ ነው። በፆም ማብቂያ ፃግብጂ ድረስ ይዟት ሲሄድ፣ ከፊት ወንበር ላይ አስቀምጧት ለጎማ ሲወርድ፣ ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም እዚያ የሸጎጠችው። በየካቲቱ አደጋ ፈርታ ይሆናል። መኪናው የእስላም፣ ሾፌሩ እስላም ነው፤ ከፊት ማንጠልጠል ደፋርነት መስሏት ከኋላ ደበቀችው። ብትጠይቀው ራሱ በገዛ እጁ መስታወቱ ላይ ያንጠለጥልላት ነበር።

ምንዋጋው ዘሎ ተነሥቶ አንገቱን በመስኮት አስገባ። «ጠፋች?»

«ለጊዜው ነው ጓድ። ተመልሳ ትበራለች፤ አታስተማምንም» አለ ሸምሱ። መብራቷ ግን የእሱን ቃል የምትሰማ አልነበረችም። ምንዋጋው አየሩ እስኪያልቅ ፍሬኑን እያስረገጠ ሞተሩን ሦስት ጊዜ አስጠፋው፣ ሦስት ጊዜ አስነሣው። ሦስቱንም ጊዜ እንደ ደንቡ በራች፣ እንደ ደንቡ ጠፋች።

«ምንድን ነው ያወጣኸው?»

ሸምሱ ጣቶቹን ጨበጠ። «የወዳደቀ ብረት ነው። መንገድ ሲያንገጫግጨን ገብቶ ይሆናል።» መስቀሉ መዳፉን እየወጋው ወደ ኪሱ ከተተው። ምንዋጋው አልጠየቀም፤ ዕፎይ ብሎ ነበር። ትከሻውን መታ መታ አድርጎ አመሰገነው፣ ስለ አብዮታዊ ሠራተኛም አንድ ነገር ተናገረ። ወታደሩ መኪናዋን ሲጠብቅ አደረ።

ሐሙስ ሲነጋጋ ልጆቹ ተጫኑ። ገበያው ካሶኒው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ከባልንጀሮቹ ጋር ይሳሳቃል። ዕድሜው የማያውቀውን ነገር መፍራት የሚያሳፍርበት ዕድሜ ነው። ጥሩሐረግ ልጇን ተሰናብታ ስታበቃ ወደ ሾፌሩ በር መጣች። ዓይኗ አብጧል፤ ድምጿ ግን የረጋ ነበር።

«ሸምሱ ወንድሜ፣ ፍሬኑን ሠራው አሉኝ።»

«አዎ፣ እታለም።»

«አላህ እጅህን ይባርከው። መቼም መሄዱ አልቀረ፤ እኔን የጨነቀኝ ቁልቁለቱ ነበር። ትልቁን ነጠቁኝ፣ ይኸኛው ደግሞ ገና ሳይደርስ ገደል እንዳይበላው ብዬ ሌሊቱን ሳምጥ ነው ያደርኩት።» ወደ እሱ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትቆጣኝ። የአንገቴን መስቀል እዚያ ውስጥ ሸጉጨዋለሁ። እንዳይከፋችሁ ብዬ ነው የደበቅኩት። አንተንም፣ ብዙነህንም፣ ዛሬ ልጄንም ይጠብቅልኛል።»

 መስቀሉ የሸምሱ ኪስ ውስጥ ነበር። ሊሰጣት እጁ ተነሣ፤ ቢሰጣት ግን ምን እንደ ሠራ ልትረዳ ነው። «እንኳን ሸጎጥሽው እታለም» አላት። 

መንገዱ እንደ ወትሮው ነበር። «እናቴን አደራ» ላይ ሲደርሱ ልጆቹ ዘፈናቸውን አቁመው ዝም አሉ። ሸምሱ ማርሹን ቀንሶ ፍሬኑን ረገጠ፤ መኪናዋ በየጠመዝማዛው እንደ ጨዋ በቅሎ ታዘዘችለት። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን የሠመረ ፍሬን ረግጦ አያውቅም። ይህ ነው ያንገበገበው። ዓይኑ ከዚያች ከጠፋች መብራት አልነቀል አለ፤ አሁን እንኳ ብትበራ፣ በእውነት ብትበራ፣ እያለ ተመኘ፤ ወዲያው ደግሞ ከኋላው የሰው ልጆች እንደ ጫነ ትዝ ብሎት አላህን ይቅርታ ጠየቀ። ብዙነህ ጎኑ ተቀምጦ ፊት ለፊት ያያል።

ኮረም ላይ ልጆቹን ወታደሮች ቆጥረው ተረከቧቸው። ገበያው የአባቱን ጉልበት ሳመ። ቀጥሎ ሸምሱን ሲስመው፣ «አጎቴ፣ ያቺን መብራት ያገኘሃት አንተ ነህ አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን አያገኛትም ነበር» አለው፤ ኩራቱ የእውነት ነበር። ሸምሱ ጭንቅላቱን ይዞ ግንባሩን ሳመው። ልጁ ባልንጀሮቹ ጋ ሮጦ ተቀላቀለ።

በመመለሻው ካሶኒው ባዶውን ይንኳኳ ነበር። የኮረምን ቁልቁለት ጨርሰው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ወደ ሰቆጣ አቀበቱን ጀመሩ።  በመጨረሻ ሸምሱ፣ «አያ ብዙነህ፣ ወላሂ እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። መስቀሉ እዚያ እንዳለ አላወቅኩም ነበር» አለ።

«አውቃለሁ፤ አላወቅክም» አለ ብዙነህ። «እኔ ግን አውቅ ነበር።»

ሸምሱ ዞሮ አየው።

«መብራቷ የበራች ዕለት ጠረጠርኩ። ጥሩሐረግ ስትሸጉጠው አይቻታለሁ። እጄን ሰድጄ ዳሰስኩት፤ የተላጠው ሽቦ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። በማግስቱ አወጣዋለሁ፣ ለሸምሱም ነግሬው እንስቃለን አልኩ። በማግስቱ ልጄን አመጡት። በዚያው ተውኩት።»

«ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቤ ቆመህ ካቻቢቴ ስታቀብለኝ?»

«ሦስት ቀን ሙሉ።»

ሸምሱ መኪናዋን ወደ ዳር አውጥቶ አቆማት። እግሩ አልተንቀጠቀጠም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለንተናው ድንጋይ ሆኖ ነበር። «ለምን አልነገርከኝም? አንዲት ቃል ብትለኝ እኮ እጄን ቆርጬ እጥለው ነበር። ለምን ዝም አልክ አያ ብዙነህ?»

ብዙነህ በኽምጥኛ አጉረመረመ። ከዚያ በአማርኛ፣ «ብነግርህ አሻጥሩ የሁለታችን ሊሆን ነው» አለ። «ያንተ ፊት መደበቅ አይችልበትም፤ ቢደርሱበት አንተንም ነው የሚረሽኑህ። ለልጄ ብዬ የሐቢባን ልጅ ላስበላ?»

ሸምሱ እጁን ኪሱ ከቶ መስቀሉን አወጣና ዘረጋለት። ብዙነህ አየው እንጂ አልተቀበለውም።

«ወስጄ ምን ልበላት? እሷ መኪናዋ ውስጥ ያለ ነው የሚመስላት። አንተው ያዘው» አለ፤ ፊቱንም ወደ መስኮቱ መለሰ።